ያረጀ ቤት አድሶ መሸጥ፦ በዲላ ከተማ ትርፉ ከግድግዳው፣ ከቦታው ወይስ ከሰነዱ?

መግቢያ

ያረጀ ቤት በዝቅተኛ ዋጋ ገዝቶ፣ አድሶ፣ በተሻለ ዋጋ መልሶ መሸጥ በብዙ አገሮች ራሱን የቻለ የንግድ ዘርፍ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞችም ይኸው ሥራ የተለየ ስም ሳይወጣለት ይሠራል። ስለ ሥራው የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ አጭር ነው፤ ገዢው የተጎዳ ቤት ያገኛል፣ ገንዘብና ጉልበት ያፈስበታል፣ ከወጪው በላይ ሸጦ ያተርፋል። ትርፉም የእድሳቱ ፍሬ ተደርጎ ይቆጠራል።

ይህ ጽሑፍ ያንን ማብራሪያ ከዲላ ከተማና ከጌዴኦ ዞን ሁኔታ አንጻር ይመረምራል። የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ መሬት በማይሸጥበት ሥርዓት ውስጥ ከታደሰ ቤት የሚገኘው ትርፍ ከሦስት ምንጮች ይመነጫል፤ ከግድግዳው፣ ከቦታውና ከሰነዱ። ሦስቱ በአንድ የሽያጭ ዋጋ ውስጥ ተጠቅልለው ስለሚቀርቡ፣ ካልተነጣጠሉ በቀር የመጀመሪያው ሻጭ ምን እንዳጣ፣ አዳሹም በምን እንዳተረፈ ማወቅ አይቻልም።

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። የይርጋጨፌን ስም ለዓለም ያስተዋወቀው ቡና ከሚተላለፍባቸው ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ዩኒቨርሲቲም ያላት ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከተማዋ 59,150፣ ዞኑ ደግሞ 847,434 ነዋሪዎች ነበሯቸው። የዞኑ ስፋት 1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ በዚያን ጊዜ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ለገጠር አካባቢ ይህ እጅግ ከፍተኛ ጥግግት ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፎችን አጣምሮ የያዘ ስለሆነ፣ ወደ ጎን የምትሰፋ ከተማ የምትነካው ባዶ ሜዳ ሳይሆን የሰው ጓሮ ነው። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ያሉትን ያረጁ ቤቶች አድሶ የመጠቀም ጉዳይ ከግለሰብ ትርፍ ያለፈ ትርጉም አለው።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

ስለ ቤት ሽያጭ የሚደረግ ማንኛውም ትንተና መነሻው ሕጉ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲይዝ ተፈቀደለት። ከተወረሱት ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ዋሉ። በዚህም ምክንያት በውጫዊ መልካቸው የሚመሳሰሉ፣ በሕግ ፊት ግን ፍጹም የሚለያዩ ሁለት ዓይነት ያረጁ ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። አንደኛው ለባለቤቱ የቀረ የግል ቤት፣ ሁለተኛው ተከራዩ ሊሸጠው የማይችል የቀበሌ ቤት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት የመሬትን የሕዝብና የመንግሥት ንብረትነት አጸና። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ሲደነግግ፣ ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት ወይም ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት ይሰጠዋል። የመሸጥና የማውረስ መብት በዚህ ውስጥ ይካተታል። እንግዲህ በሕግ ዓይን የሚሸጠው ግድግዳው፣ ክዳኑና ወለሉ ነው። ይሁን እንጂ በገበያው ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ የጭቃ ቤቶች፣ አንዱ በአውራ ጎዳናው ዳር ሌላው በከተማው ጠርዝ ቢገኙ፣ አንድ ዓይነት ዋጋ አያወጡም። የዋጋው ልዩነት የሚመነጨው ከጭቃው ሳይሆን ከሥፍራው ነው። ሕጉ ዋጋ ያልሰጠው ነገር በቤቱ ዋጋ ውስጥ ተጨምሮ ይሸጣል ማለት ነው።

የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ይህን መደራረብ ለመለየት የሞከረ ሕግ ነው። ግንባታ ሳይጀመር ወይም በግማሽ ሳይጠናቀቅ የሊዝ መብት ሲተላለፍ፣ አስተላላፊው የሚወስደው የከፈለውን የሊዝ ክፍያ ከባንክ የተቀማጭ ወለድ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና የሊዝ መብቱ ከተላለፈበት ዋጋ 5 በመቶውን ሲሆን፣ ቀሪው ለመንግሥት ገቢ እንዲሆን ደንግጓል። የሕግ አውጪው አስተሳሰብ ግልጽ ነው፤ የሥራ ዋጋ ለሠራው፣ የቦታ ዋጋ ለሕዝብ። ተገንብቶ ባለቀ አሮጌ ቤት ላይ ግን እንዲህ ያለ ክፍፍል አይደረግም። አዋጁ በዚያ ረገድ ያስቀመጠው ሌላ መንገድ ነው፤ በነባር ይዞታ ላይ የሚገኝ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ ሥሪት እንዲይዝ ይደረጋል። ስለሆነም አሮጌ ቤት ገዝቶ የሚያድስ ሰው ከቤቱ ጋር አዲስ ግዴታም ይገዛል። ይህን ግዴታ በዋጋ ድርድር ጊዜ ያላሰበ ገዢ ስሌቱን ከጅምሩ ያፋልሳል።

ግድግዳው

በደቡብ ኢትዮጵያ ከተሞች ያረጀ ቤት ሲባል በብዛት የሚገኘው የጭቃ ቤት ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚዎች መሬት ውስጥ ይተከላሉ፤ በማገር ይያያዛሉ፤ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመረጋሉ፤ ክዳኑም ቆርቆሮ ይሆናል። አሠራሩ ርካሽና ለጥገና አመቺ ሲሆን፣ ድክመቱ ግን የታወቀ ነው። ይኸውም ቋሚው መሬት በሚነካበት ቦታ እርጥበትና ምስጥ ይገናኛሉ። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚበረታበት እንደ ጌዴኦ ባለ አካባቢ ከክዳኑ ጠርዝ የሚወርደው ውኃ መሬት ላይ ነጥሮ የግድግዳውን ግርጌ ያርሳል። ከውጭ ደህና የሚመስል ግድግዳ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ያለው እንጨቱ በስብሶ በልስኑ ብቻ ተይዞ ሊቆም ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው የእድሳት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሚታከመው ውኃው ነው። ክዳኑ ይጠገናል፣ አሸንዳ ይገጠማል፣ በቤቱ ዙሪያ ውኃን የሚያርቅ ቦይ ይቀደዳል። ሁለተኛው ግርጌው ነው። የበሰበሱት ቋሚዎች ተቆርጠው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ እንዲያርፉ ይደረጋል። ልስን፣ ወለል፣ ኮርኒስና ቀለም የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ለመሸጥ ብቻ የሚደረግ እድሳት ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል፤ ምክንያቱም ለገዢ ዓይን የሚታየው ቀለሙና ኮርኒሱ እንጂ ቦዩና መሠረቱ አይደለም።

የሲሚንቶ ልስን የዚህ መገለባበጥ ዋና ምሳሌ ነው። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን ሲለበጥ ቤቱ የብሎኬት ቤት ይመስላል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ነገር ግን ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶው ደረቅና ግትር በመሆኑ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃም በሲሚንቶው ስለሚታገድ በቀላሉ አይተንም፤ ውስጡን ያበሰብሳል። የሽቦ መረብ መዘርጋት ልስኑ ቶሎ እንዳይረግፍ ይረዳል እንጂ እርጥበቱን አያስወጣም። ከኖራ የሚዘጋጅ ልስን እርጥበት ስለሚያስተነፍስ ለጭቃ ግድግዳ ይበልጥ ይስማማል፤ ውበቱ ግን ሲሚንቶ በለመደ ገበያ ውስጥ እንደ ዘመናዊነት አይቆጠርም። እዚህ ላይ የቤቱ ዋጋ መጨመርና የቤቱ ዕድሜ መጨመር ይለያያሉ። በበጋ ታድሶ በበጋ የሚሸጥ ቤት ጉድለቱን ለሚቀጥለው ዝናብና ለመጨረሻው ገዢ ያስተላልፋል። ጠንቃቃ ገዢ ቤቱን ከዝናብ በኋላ መመልከቱና የግድግዳውን ግርጌ መፈተሹ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሚጸናው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ሲሆን፣ ግንባታ ለማካሄድም ሆነ ነባር ሕንፃን ለመለወጥ ፈቃድ ይጠይቃል። የጭቃውን ግድግዳ አፍርሶ በብሎኬት የሚተካ ወይም ክፍል የሚጨምር አዳሽ ያለ ፈቃድ ቢሠራ፣ ያሳደገው ዋጋ በሰነድ ያልተደገፈ ዋጋ ይሆናል። ይህም ወደ ሦስተኛው ምንጭ ያደርሰናል።

ሰነዱ

ሁለት ቤቶች በግድግዳም በቦታም ቢመሳሰሉ፣ አንዱ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያለው፣ ሌላው የሌለው ከሆነ ዋጋቸው አይገናኝም። የሰነድ ጉድለት ብዙ መልክ አለው። ካርታው በሟች አባት ስም እንደተመዘገበ ሊቀር ይችላል፤ ወራሾቹ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አላወጡ ይሆናል፤ በካርታው ላይ ያለው ስፋትና በአጥሩ ውስጥ ያለው ስፋት ላይጣጣም ይችላል፤ ባልና ሚስት ያፈሩት ቤት በአንዳቸው ፈቃድ ብቻ ለሽያጭ ሊቀርብ ይችላል። እያንዳንዱ ጉድለት የቤቱን ዋጋ ይቀንሳል፤ ጉድለቱን ማስተካከል ግን ሲሚንቶ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጊዜ፣ ትዕግሥትና የማዘጋጃ ቤቱን አሠራር ማወቅ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። አንቀጽ 2877 ደግሞ በጽሑፍ ያልተደረገ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ፈራሽ መሆኑን ይደነግጋል። መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ማለፍ አለበት፤ ሲገዛና ሲሸጥ። ይህን ድርብ ወጪ ለመሸሽ ስመ ንብረቱን ወደራሱ ሳያዞር ከባለቤቱ የመሸጥ ውክልና ብቻ ወስዶ፣ ቤቱን አድሶ፣ በባለቤቱ ስም ለሦስተኛ ወገን የሚያስተላልፍም አለ።

ውክልናው ወጪ ቢቀንስም አደጋው ከባድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ወካዩ ውክልናውን መሻር ይችላል፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀርም ወካዩ ሲሞት ውክልናው ቀሪ ይሆናል። በእድሳቱ መካከል ባለቤቱ ቢሞት፣ አዳሹ ገንዘቡን ያፈሰሰው በሕግ የእርሱ ባልሆነና ለወራሾች በተላለፈ ቤት ላይ ይሆናል። ሻጩም ከአደጋው አያመልጥም፤ ቤቱ በስሙ እስካለ ድረስ ስለ ቤቱ የሚነሣ ግብርም ሆነ ክርክር እርሱን ይፈልጋል።

ሦስቱን የመለያ ስሌት

የሚከተለው ስሌት የአካሄድ ማሳያ እንጂ የዲላ ገበያ ዋጋ አይደለም። አንድ ሰው የሰነድ ጉድለት ያለበትን ቤት በ1,500,000 ብር ገዛ፣ በ600,000 ብር አደሰ፣ ሰነዱን አስተካከለ፣ ከ8 ወር በኋላም በ2,600,000 ብር ሸጠ እንበል። በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት 1,100,000 ብር ሲሆን፣ የእድሳቱ ወጪ ሲነሣ 500,000 ብር ይቀራል። ከዚህም የሚከተሉት ይቀነሳሉ፦

- በአዋጅ ቁጥር 110/1990 መሠረት ለባለቤትነት ሰነድ የሚከፈል 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ፦ 30,000 ብር።
- በሽያጩ ላይ 2 በመቶ ድለላ ተብሎ ቢታሰብ፦ 52,000 ብር።
- የገንዘቡ ወጪ በዓመት 16 በመቶ ቢሆን፣ የግዢው ለ8 ወር፣ የእድሳቱ በአማካይ ለ4 ወር፦ 192,000 ብር።
- በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት በማስተላለፍ በሚገኝ ጥቅም ላይ የሚጣል 15 በመቶ ግብር፣ ለስሌቱ ቀላልነት በ500,000 ብሩ ላይ፦ 75,000 ብር።

የተጣራው ትርፍ 151,000 ብር ነው። እዚህ ላይ አንድ ወሳኝ ሁኔታ አለ። የአናጢ፣ የግንበኛና የጭቃ ቦኪ ክፍያ ብዙ ጊዜ ደረሰኝ የለውም። የእድሳቱ ወጪ በሰነድ ባለመደገፉ ተቀባይነት ቢያጣ፣ ግብሩ በ1,100,000 ብር ላይ ተሰልቶ 165,000 ብር ይሆናል፤ ትርፉም ወደ 61,000 ብር ይወርዳል።

አሁን ትርፉን በምንጩ እንለይ። ሰነዱ የተሟላ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ሳይታደስ 1,700,000 ብር ያወጣ እንደነበር፣ በ8 ወሩም የአካባቢው ዋጋ በራሱ 150,000 ብር እንደጨመረ እንገምት። ከሦስቱ ምንጮች አንዱን ብቻ እያነሣን ስሌቱን ብንደግመው የሚከተለውን እናገኛለን።

የቦታው ዋጋ ባይጨምር ኖሮ ቤቱ በ2,450,000 ብር ይሸጥ ነበር፤ የተጣራው ትርፍም 26,500 ብር ብቻ ይሆን ነበር። ሻጩ የተሟላ ሰነድ ኖሮት ቤቱን በ1,700,000 ብር ሸጦ ቢሆን ኖሮ፣ አዳሹ 44,000 ብር ገደማ ይከስር ነበር። እድሳቱ ቀርቶ ሰነዱ ብቻ ተስተካክሎ ቤቱ በ1,850,000 ብር ቢሸጥ ደግሞ ትርፉ 70,500 ብር ይሆን ነበር። በዚህ ምሳሌ 600,000 ብር የወጣበት እድሳት በትርፉ ላይ የጨመረው 80,500 ብር ሲሆን፣ የሰነዱ ጉድለት ያስገኘው ጥቅም ግን 195,000 ብር ያህል ነው። የእድሳቱ ደረሰኝ ከጠፋ እድሳቱ ትርፉን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም፤ ሳይታደስ የሚገኘው 70,500 ብር ታድሶ ከሚገኘው 61,000 ብር ይበልጣልና። የግምቶቹ መጠን ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣል፤ የማይለወጠው ግን ሦስቱን ለይቶ የመጠየቅ አስፈላጊነት ነው።

የሥራው ግብዓት ዋጋም በአገር አቀፍ ውሳኔዎች ይናወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ከውጭ የሚገቡ የግንባታ ዕቃዎችን ወጪ በቀጥታ የሚነካ ነው። አስቀድሞ በተዋዋለበት ዋጋ የሚያድስ ሰው እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚሸከመው ከዚያች ጠባብ የትርፍ ህዳግ ነው።

ትርፉ የማን ነው?

ከላይ ያለው ስሌት የሚያነሣው ጥያቄ ከሒሳብ ይሻገራል። የሰነድ ጉድለት ያለባቸውን ቤቶች የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ ጉዳያቸውን ለማስፈጸም አቅም ወይም ጊዜ ያነሳቸው ናቸው፤ አረጋውያን፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች፣ በተለያየ ከተማ የሚኖሩ ወራሾች። በምሳሌው ውስጥ እነዚህ ሻጮች በሰነዱ ምክንያት ያጡት 200,000 ብር ለግድግዳ የተከፈለ ዋጋ አይደለም፤ ባልተጠናቀቀ ወረቀት የተከፈለ ቅናሽ ነው። ቅናሹን የሚወስደው አዳሽ ሕገ ወጥ ሥራ አልሠራም። ጊዜውን ሰጥቷል፣ ስጋትም ተሸክሟል። ነገር ግን ያተረፈበት ሙያ ግንበኝነት ሳይሆን የቢሮ አሠራርን ማወቅ ነው። ወራሾቹ ከሽያጩ በፊት የወራሽነት ማረጋገጫቸውንና ካርታቸውን የሚያሟሉበት ቀላል የምክር አገልግሎት ቢኖር፣ ያ ገንዘብ በእጃቸው ይቀር ነበር። ምናልባትም የቤታቸውን ክዳንና ቦይ ራሳቸው ጠግነው ሳይሸጡት ይኖሩበት ነበር።

በአንጻሩ ሥራውን በጥቅሉ መንቀፍም ተገቢ አይሆንም። የበሰበሰ ቋሚ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመበት ቤት ለከተማዋ የተጨመረ ሀብት ነው። የእርሻ መሬት በጠበበበት ዞን ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ለተጨማሪ ዓመታት ማገልገሉ፣ እንሰትና ቡና ከተተከለበት መሬት ላይ የሚመጣውን ጫና በዚያው መጠን ያቃልላል። መለኪያው እንግዲህ የአዳሹ ትርፍ ብዛት ሳይሆን የትርፉ ምንጭ ነው።

ለቀጣይ ጥናት

ይህን አቀራረብ በመስክ መፈተን ለሚፈልግ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሦስት መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው የዋጋ መረጃን ከአንድ ምንጭ አለመውሰድ ነው። በተመዘገበ ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ ግብርን ለማሳነስ ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ከደላሎች፣ ከሻጮችና ከገዢዎች ቃል ጋር መነጻጸር ይኖርበታል። ሁለተኛው በአንድ ሰፈር ውስጥ ጥንድ ቤቶችን ማነጻጸር ነው፤ ሰነድ ያለውንና የሌለውን፣ የታደሰውንና ያልታደሰውን። ሦስተኛው ወቅትን ማካተት ነው። በጌዴኦ የቡና ለቀማ የሚበረታው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነውና፣ የቡና ገንዘብ በሚንቀሳቀስበትና በማይንቀሳቀስበት ጊዜ የተፈጸሙ ሽያጮችን ለይቶ መመዝገብ፣ የቦታ ዋጋ ዕድገት የተባለው ምን ያህሉ ወቅታዊ እንደሆነ ያሳያል። የታደሱትን ቤቶች ከሁለት የዝናብ ወቅቶች በኋላ ተመልሶ የግድግዳቸውን ግርጌ መመልከት ቢታከልበት ደግሞ፣ ከተከፈለው ዋጋ ውስጥ ምን ያህሉ ለቤቱ ዕድሜ እንደዋለና ምን ያህሉ ለቀለም ብቻ እንደቀረ ይታወቃል።